ከዐጥንት ውስጥ ስለሚነሣው ሊምፎማ፤ የሚታወቅበትና የሚታከምበት መንገድ



በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚታየው ሕመም ብዙ ነው። ትኩሳት ይዞት በዴስኩ ላይ የሚደፋ ተማሪ አለ፤ ዓይኑ ታሞ ሰሌዳውን ማየት የሚሳነው አለ፤ በኳስ ሜዳ ወድቆ የሚያነክስም አለ። መምህሩ ይህን ሁሉ ስለ ለመደ፥ አብዛኛው ሕመም በሳምንት ውስጥ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ ግምቱም ብዙውን ጊዜ አይስትም። ዳሩ ግን ከቀላሎቹ ሕመሞች መካከል አንዳንድ ጊዜ የቀላል ሕመም መልክ ይዞ የሚመጣ ከባድ በሽታ ይገኛል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ከእነዚህ አንዱ፥ ይኸውም ከዐጥንት ውስጥ የሚነሣው ሊምፎማ የተባለው በሽታ ነው።

በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም። ከሊምፎማ ሕመምተኞች መካከል በሽታው ከዐጥንት የጀመረባቸው ከመቶ 2 አይሞሉም። እንግዲህ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ በሽታ በመምህራን ፊት ስለ ምን ይነገራል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ይህ በሽታ ከዐጥንት ከሚነሡት ካንሰሮች ሁሉ ይልቅ ለሕክምና ከሚታዘዙት ወገን ነው። ሁለተኛ፥ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መድኃኒት በዓለም ላይ ስለ ሌለ ሳይሆን፥ ከመጀመሪያው ሕመም አንሥቶ እስከ ትክክለኛው ምርመራ ድረስ በሚባክኑት ወራት ነው። እነዚያን ወራት ለማሳጠር ሐኪም ብቻውን አይበቃም፤ ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ በየቀኑ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። ተማሪን በየቀኑ ስሙን ጠርቶ የሚያይ ሰው ደግሞ መምህር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባል። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት ፈጽመው ለማይገናኙ በሽታዎች ሲነገር ቆይቷል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል በተዋሲ የሚመጣውና ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፈው የሳንባ በሽታ ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን ካንሰር የተባለውን በሽታ ያመለክታል። ከዚህ የስም መደባለቅ የተነሣ በካንሰር የታመመ ልጅ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚቀመጥበት፥ የሚበላበትም ሳህን የሚለይበት ጊዜ አለ። ይህ ስሕተት ነው። ሊምፎማ አብሮ በመቀመጥ፥ አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ንግግር ውስጥ መደናገር እንዳይመጣ ካንሰር የሚለው ስም ይያዛል።

ብዙ ሰው ዐጥንትን እንደ ምሰሶ፥ ደረቅና ሕይወት የሌለው ነገር አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን በበዓል ቀን ቅልጥም ሰብሮ መቅኒ የቀመሰ ሁሉ በዐጥንት ውስጥ ለስላሳ ነገር እንዳለ ያውቃል። ያ መቅኒ የደም መፍለቂያ ነው። ቀዩም ነጩም የደም ሕዋስ ከዚያ ይወለዳል። ከነጮቹ ሕዋሳት መካከል ሊምፎሳይት የተባሉት የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ተዋሲን ለይተው ያውቃሉ፥ ይዋጋሉ፥ ድል ያደረጉትንም ጠላት መልክ ለብዙ ዘመን ያስታውሳሉ። እነዚህ ዘበኞች በደምና በሊምፍ ሥር እየተዘዋወሩ በአንገት፥ በብብትና በብሽሽት ባሉት እጢዎች ይሰፍራሉ። በእግር ላይ ቁስል ሲወጣ በብሽሽት የሚያብጠው ንፍፊት የእነርሱ ሥራ ምልክት ነው።

ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ በውስጡ ያለው የመራባት ሥርዐት ሲበላሽበት፥ መሞት በሚገባው ጊዜ ሳይሞት፥ ማረፍ በሚገባው ጊዜ ሳያርፍ ይባዛል። የዚህ ብዛት ክምችት ሊምፎማ ይባላል። ሊምፎማ አብዛኛውን ጊዜ በእጢዎች ውስጥ ይጀምራል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከዐጥንት ውስጥ ይነሣል። ሐኪሞች «ከዐጥንት የተነሣ ሊምፎማ» የሚሉት በሽታው በአንድ ዐጥንት ብቻ ሲገኝ፥ ወይም ከዚያው ጋር በአጠገቡ ያሉት እጢዎች ብቻ ሲነኩ፥ አለዚያም ብዙ ዐጥንቶች ታመው ሳሉ እጢዎችና የሆድ ዕቃዎች ንጹሕ ሆነው ሲገኙ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው የጭንን ዐጥንት ነው፤ ዳሌ፥ አከርካሪ፥ የላይኛው ክንድና የቅልጥም ዐጥንትም አይቀሩለትም። በማናቸውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኞቹ ሕመምተኞች ግን ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ጐልማሶች ናቸው፤ ወንዶችም ከሴቶች ጥቂት ይበዛሉ።

ይህን በሽታ ለብቻው ለይቶ ማወቅ የተጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ኦበርሊንግ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ከመቅኒ ስለሚነሡ እንዲህ ያሉ እባጮች ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ ፓርከርና ጃክሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የ17 ሕመምተኞችን ነገር ሰብስበው አወጡ። እነዚህ ሊቃውንት ካስተዋሉት ነገር አንዱ ዛሬም ሊዘነጋ የማይገባው ነው፤ ይኸውም የዐጥንቱ ጉዳት ትልቅ ሆኖ ሳለ የሕመምተኛው ጠቅላላ ጤና ደኅና መስሎ መታየቱ ነው። ሰውየው ይበላል፥ ይሠራል፥ አይከሳም፤ የሚያስቸግረው አንድ ቦታ ላይ ያለው ሕመም ብቻ ነው። የሚያታልለውም ይህ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይታሰብ። ይህ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ ሳይሆን፥ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት አካሄድ በአንድ ሰው ተመስሎ የቀረበ ነው። 48 ዓመት የሆነው አንድ መምህር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያስተምር ይውላል። በመስከረም ግራ ጭኑን ያመው ጀመር። መቆም ያመጣው ድካም ነው አለ፤ ባልደረቦቹም ቁርጥማት ነው አሉት። በጥቅምት ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰው ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዶ የሕመም ማስታገሻ ተሰጠው። በኅዳር ራጅ ተነሣ፤ ራጁም ደኅና ነው ተባለ። ራጁ ደኅና ከሆነ ሕመሙ የሥር መዞር መሆን አለበት ብሎ ወጌሻ ጠራ፤ ወጌሻውም በቅቤ አሸው። በጥር ከመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ሲወርድ፥ ሳይወድቅና ሳይመታ፥ ጭኑ ተሰበረ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው የለም። መምህሩ ሥራውን ወዳጅ ነው፤ ባልደረቦቹ አዛኞች ናቸው፤ ወጌሻውም በዕድሜ ሙሉ ብዙ የተወለቀ ክንድ መልሶ ይሆናል። ዳሩ ግን በውስጡ የተበላ ዐጥንት ሲታሽ ይሰበራል እንጂ አይጠገንም። ከሁሉም ሰው ያመለጠው ነገር አንድ ነበር፤ ይኸውም ዕረፍት የማያስታግሠው፥ ከሳምንታት በላይ የቆየ፥ ሌሊት የሚቀሰቅስ የአንድ ቦታ የዐጥንት ሕመም ድካም ተብሎ ሊታለፍ እንደማይገባው ነው።

ራጁስ ስለ ምን ደኅና መስሎ ታየ? ራጅ የሚያሳየው የዐጥንትን ደረቅ ክፍል ነው። የመቅኒው ለውጥ በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዐጥንቱ ከማዕድኑ ከመቶ 30 እስከ 50 ያህሉን ካጣ በኋላ ነው። ሊምፎማ ደግሞ ግድግዳውን ሳያፈርስ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ውጭ መውጣት የሚችል በሽታ ነው። ስለዚህ መቅኒው ሞልቶ፥ በዐጥንቱም ዙሪያ ሥጋ መሰል እባጭ ወጥቶ ሳለ፥ ራጁ ጥቂት ነገር ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራው አልተፈጸመም ማለት ነው። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ መቅኒውንና በዙሪያው ያለውን ሥጋ በግልጽ ስለሚያሳይ፥ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ቀጣዩ እርምጃ እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ የቱንም ያህል የጠራ ሥዕል ቢነሣ የበሽታውን ስም አይናገርም። በሥዕል ላይ ሊምፎማን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። በዐጥንት ውስጥ የሚቋጠር መግል ይመስለዋል፤ ከሳንባ ወደ አከርካሪ የሚሻገረው ቲቢ ይመስለዋል፤ ከጡት፥ ከፕሮስቴት ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል ወደ ዐጥንት የተዛመተ ካንሰር ይመስለዋል፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚመጣው ኢዊንግ የተባለው የዐጥንት ካንሰርም ይመስለዋል። የእነዚህ ሁሉ ሕክምና የተለያየ ነው። ለመግል የሚሰጠው መድኃኒት ለሊምፎማ አይጠቅምም፤ ለአንዱ የዐጥንት ካንሰር የሚደረገው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ለሊምፎማ አያስፈልግም። ስለዚህ ስሙን ሳያውቁ ማከም በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ስሙን የሚያሳውቀው ናሙና ብቻ ነው፤ ይኸውም ከታመመው ስፍራ ጥቂት ሥጋ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። በሕዝቡ ዘንድ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚል ፍርሃት አለ። ብዙ ሕመምተኛ ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ከሆስፒታል በር ይመለሳል። እውነቱ ግን በሚያውቅ እጅ፥ ተገቢው ቦታ ተመርጦ የተወሰደ ናሙና በሊምፎማ ላይ የሚያመጣው መባባስ የለም፤ የሚያባብሰው ሳይታወቅ መቆየቱ ነው። ናሙናውም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የሊምፎማ ሕዋስ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይጨፈለቃል፤ ዐጥንትን ለማለስለስ የሚጨመረው አሲድም ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ከዐጥንቱ ውጭ የወጣ እባጭ ካለ ከዚያ መውሰድ ይመረጣል። የመጀመሪያው ናሙና መልስ ካልሰጠ ሁለተኛ እንዲወሰድ ሲጠየቅ ሕመምተኛው ሐኪሙ አላዋቂ ነው ብሎ ሊሸሽ አይገባውም፤ በዚህ በሽታ ናሙናን መድገም ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነውና።

በማይክሮስኮፕ ሥር ከተገኙት ሕዋሳት ላይ ልዩ ቀለም የሚቀበሉ ምልክቶች ይፈለጋሉ። ሲዲ 20 የተባለው ምልክት ከተገኘ ሕዋሱ ቢ ሊምፎሳይት ከተባለው ወገን ለመሆኑ ይመሰክራል። በጐልማሶች ዐጥንት ላይ ከሚገኙት ሊምፎማዎች አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ትልልቅ ሕዋሳት ያሉባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ መነገር አለበት። ፕሬድኒሶሎንና የእርሱ ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ለብዙ ሕመም በቀላሉ ይሰጣሉ፤ በአንዳንድ ስፍራ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ይገዛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች የሊምፎማን ሕዋስ ለጊዜው ያቀልጣሉ። ሕመሙ ይተዋል፤ እባጩ ይጐድላል፤ ቤተ ሰቡ ይደሰታል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የሚወሰደው ናሙና የሞተ ሥጋ ብቻ ሊያሳይ ይችላል፤ በሽታውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስሙ ሳይታወቅ ይመለሳል። ስለዚህ ሌላ አስቸኳይ ምክንያት ካልኖረ በቀር ናሙና ሳይወሰድ እነዚህ መድኃኒቶች ሊጀመሩ አይገባም።

ስሙ ከታወቀ በኋላ በሽታው እስከ የት እንደ ደረሰ ይመረመራል። በሲቲ ስካን ወይም፥ በሚገኝበት ቦታ፥ ፔት በተባለው መሣሪያ መላ ሰውነት ይታያል፤ ከዳሌ ዐጥንት መቅኒ ይቀዳል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የልብ ጉልበት ይለካል፤ የኤች አይ ቪና የጉበት ቢ ቫይረስ ምርመራም ይደረጋል። ይህ የሚደረገው ሕመምተኛውን ለመፍረድ አይደለም፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ቫይረስ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ ለመጠበቅ ነው።

ስለ ሕክምናው ደግሞ እንዲህ ነው። በቀድሞ ዘመን የታመመውን እግር መቍረጥ አንዱ መፍትሔ ነበር፤ ብዙ ሰው ዛሬም «የዐጥንት ካንሰር» ሲባል የሚታየው መጋዝ ነው። ዛሬ ለሊምፎማ እግር አይቈረጥም ማለት ይቻላል። ቀዶ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ናሙና ለመውሰድ፥ የተሰበረውን ለመጠገን ወይም ሊሰበር የተቃረበውን በብረት ለመደገፍ ነው። በምርመራ ጊዜም የታመመው እግር ክብደት እንዳይሸከም ሕመምተኛው በምርኩዝ እንዲሄድ ይታዘዛል፤ ከመሰበሩ በፊት የተጠበቀ ዐጥንት ከተሰበረው ይልቅ በቀላሉ ይድናልና።

ከቀዶ ሕክምና ቀጥሎ የነበረው ዘመን የጨረር ዘመን ነው። ጨረር የታመመውን ስፍራ ያደርቀዋል፤ ነገር ግን በጨረር ብቻ ከታከሙት መካከል ብዙዎቹ ላይ በሽታው ኋላ በሌላ ቦታ ብቅ አለ። ከዚህም ዐይን የማያየው ዘር አስቀድሞ በሰውነት ውስጥ ተበትኖ እንደሚቆይ ታወቀ። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ሕክምና በደም ሥር ገብቶ ወደ ሁሉ የሚደርሰው የመድኃኒት ሕክምና ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ፥ ዶክሶሩቢሲን፥ ቪንክሪስቲንና ፕሬድኒሶሎን አንድ ላይ በየ21 ቀኑ፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ዙር ይሰጣሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ተጨምሯል፤ ይህም ሲዲ 20 የተባለውን ምልክት እየፈለገ የሚይዝ ነው። ከዚህ በኋላ ለብዙዎቹ በታመመው ስፍራ ላይ ከ30 እስከ 40 ግሬይ የሚደርስ ጨረር ይጨመርላቸዋል። በዚህ መንገድ በሚገባ ከታከሙት፥ በሽታው በአንድ ስፍራ ሳለ ከተያዘባቸው ሰዎች መካከል፥ ከአራቱ ሦስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። ይህ ለዐጥንት ካንሰር ታላቅ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል። ተራ መጠበቅ አለ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ የመኝታና የስንቅ ወጪም ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው በጊዜ መላክ ይበልጥ የሚያስፈልገው፤ ወረፋው በሚጠበቅበት ጊዜ ሁሉ በሽታው አይጠብቅምና።

አንድ ሌላ ነገርም ሕመምተኛውና ቤተ ሰቡ ሊያውቁት ይገባል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ የተነሣው የዐጥንት ሥዕል ለብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት፥ ጠባሳ ያሳያል። ቤት ከተቃጠለ በኋላ እሳቱ ጠፍቶ ግድግዳው እንደ ጠቆረ እንደሚቀር ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ስላልጠራ ብቻ በሽታው አለ ተብሎ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ የቀረው እሳት ይሁን ጥቀርሻ የሚለየው ሐኪሙ በፔት ወይም በተደጋጋሚ ክትትል ነው።

እስካሁን የተነገረው ይልቁንም ስለ ጐልማሶች ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ ጋር የተዛመደ፥ ሕፃናትን የሚያጠቃ ሌላ ሊምፎማ አለ፤ እርሱም በመንጋጋ ዐጥንት ላይ የሚወጣው ቡርኪት ሊምፎማ ነው። ይህ በመንጋጋ ብቻ ሳይሆን በሆድ ውስጥም ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ሐኪሞች ለብቻው ይቈጥሩታል። ታሪኩም የማስተዋልን ጥቅም ስለሚያስተምር ለመምህራን የሚገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 በካምፓላ በሙላጎ ሆስፒታል ዶክተር ሂው ትሮዌል የተባሉ ሐኪም አንድ ሕፃን እንዲያይላቸው ቀዶ ሐኪሙን ዴኒስ ቡርኪትን ጠሩ። ሕፃኑ በላይኛውም በታችኛውም መንጋጋ፥ በቀኝም በግራም አብጦ ነበር። መግል ቢሆን በአራቱም ማእዘን አንድ ጊዜ አይወጣም፤ ካንሰር ቢሆንም እንዲህ መሆኑ እንግዳ ነገር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡርኪት በጂንጃ ሆስፒታል ሌላ ሕፃን በዚያው መልክ አብጦ አዩ። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ቢታይ እንግዳ ነገር ነው ይባላል፤ ሁለት ጊዜ ሲታይ ግን ምክንያቱ ይጠየቃል። ቡርኪት በልጅነታቸው በደረሰባቸው አደጋ አንድ ዓይናቸውን ያጡ ሰው ነበሩ፤ ዳሩ ግን በቀረው አንድ ዓይን ብዙዎች በሁለት ዓይን ያላዩትን አዩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ያዩትን ጻፉ። በዚያው ሆስፒታል የነበሩት የናሙና መርማሪዎችም በሽታው የሊምፎማ ወገን መሆኑን አስረዱ።

ከዚያም በሽታው የት እንደሚገኝና የት እንደማይገኝ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ መኪና ከካምፓላ ተነሥተው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። በ10 ሳምንት ውስጥ 10,000 ማይል፥ ይኸውም 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በየሆስፒታሉ ደጃፍ የሕፃናቱን ፎቶግራፍ እያሳዩ «ይህን የመሰለ አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱ ሲሰበሰብ በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ እንደሚበዛ፥ ብርድ በሆነው ደጋ ግን እንደማይገኝ ታወቀ፤ ይህም ወሰን ከወባ ወሰን ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ኤፕስታይን፥ አቾንግና ባር የተባሉ ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ ናሙና ውስጥ አዲስ ቫይረስ አገኙ፤ ኤፕስታይን ባር ተባለ። ይህ ቫይረስ በዓለም ሁሉ ብዙ ሰው ውስጥ ያለና አብዛኛውን ጊዜ የማይጎዳ ነው፤ ነገር ግን ወባ ደጋግሞ ባዳከመው ሕፃን ሰውነት ውስጥ ለዚህ ካንሰር መነሣት ይረዳል።

ቡርኪት ሊምፎማ ከሰው ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት ከሚያድጉት አንዱ ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ያለ ጊዜው የሚነቃነቅ ጥርስ ነው። ጥርሱ ይነቀላል፤ ድዱ አይድንም፤ መንጋጋው ያብጣል፤ ዓይንም ወደ ውጭ ሊገፋ ይችላል። በቆላ የሚያስተምር መምህር በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉንጩ ያበጠበትን ሕፃን ሲያይ ጥርስ ነቃይ ዘንድ እንዲሄድ ከመምከር ይልቅ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ማድረግ አለበት፤ እዚህ የሚቈጠረው ወር ሳይሆን ቀን ነው።

በፍጥነት የሚያድገው ይህ በሽታ ለመድኃኒትም በፍጥነት ይታዘዛል። በ1960ዎቹ በኡጋንዳና በኬንያ የነበሩ ሐኪሞች በጥቂት መድኃኒት ብቻ አንዳንድ ሕፃናት እንደ ዳኑ አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በካምፓላ ለዚሁ ሕክምና የተከፈተው ማእከል ዛሬ የኡጋንዳ ካንሰር ተቋም ሆኗል። ሙሉ ሕክምና በሚገኝባቸው አገሮች ከመቶ 90 የሚጠጉት ሕፃናት ይድናሉ። በአፍሪካ ግን ቍጥሩ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃኑ ዘግይቶ ይደርሳል፥ ወይም ሕክምናውን ይተዋል። እባጩ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚቀልጥ፥ አባትና እናት ልጃቸው የዳነ መስሏቸው፥ አዝመራም ደርሶባቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በሽታው ሲመለስ ግን እንደ መጀመሪያው አይታዘዝም።

እንግዲህ መምህሩ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሐኪም ይሁን የሚል የለም። የሚጠበቅበት ጥቂት ነገር ነው፤ ጥቂቱ ነገር ግን ሌላ ሰው ሊያደርገው አይችልም።

አንደኛ፥ ያስተውል። ሳይወድቅ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የሚያነክስ ተማሪ፥ ከጨዋታ ተለይቶ አንድ ቦታ የሚያሽ ተማሪ፥ እንቅልፍ አጥቶ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሰነፍ ነው ከመባሉ በፊት ይጠየቅ። የጀርባ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ቢዝል ወይም ሽንቱን መቈጣጠር ቢሳነው፥ የአከርካሪው ገመድ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፥ ይጻፍ። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ የሚያስታውሰው ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። «ከኅዳር 10 ቀን ጀምሮ ያነክሳል» የሚል አንድ መስመር የያዘ የመምህር ወረቀት ለሐኪሙ ትልቅ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፥ ወላጆችን ያነጋግር። ጠበል የሚወስዱ ቢሆን አይከልክላቸው፤ ጠበሉም ናሙናውም አብሮ ሊሆን እንደሚችል ይንገራቸው። ማሸትና መተኮስ ግን ዐጥንቱን ይሰብራል፥ ቁስሉንም ያመረቅዛል ብሎ በትሕትና ያስረዳ።

አራተኛ፥ በሕክምና ላይ ያለውን ተማሪ ይጠብቅ። መድኃኒቱ የሰውነትን ዘበኞች ለጊዜው ስለሚቀንስ፥ ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ትኩሳት ቢይዘው እስከ ነገ አይቆይም። በክፍሉ ውስጥ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ቢገባ ለወላጆቹ በዚያው ቀን ይነገር። ክትባት የሚሰጥበት ቀን ሲሆንም ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይከተብ። ጠጕሩ ቢረግፍ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ጠጕሩ ተመልሶ ይበቅላል፥ የተሳቀበት ልብ ግን በቶሎ አይሽርም።

አምስተኛ፥ የትምህርት ቤቱ ኀላፊ የልጁን ቦታ ያኑርለት። ሕክምና ወራት ይወስዳል። ልጁ ከመዝገብ ተሰርዞ እንደሆነ ወላጆቹ ዓመቱ እንዳይባክን ሲሉ ከሕክምናው ያስወጡታል፤ ቦታው እንደ ተጠበቀለት ካወቁ ግን ይታገሣሉ። ስለዚህ አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የመድኃኒት ያህል የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ስድስተኛ፥ መምህሩ ለራሱም ይወቅበት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። ሌሎችን ሲያስተምር የራሱን ሕመም ለክረምት የሚያሳድር መምህር ብዙ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ክረምት እስኪደርስ አይቀጠርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ መቅረት አለበት። የሚያነክስ ሁሉ ሊምፎማ የለበትም፤ ጥርሱ የተነቃነቀ ሁሉም ካንሰር የለበትም። ከመቶ ከሚያነክሱት ልጆች ብዙዎቹ በኳስ የተመቱ ናቸው። መምህሩ ሽብር እንዲነዛ አይፈለግም። የሚፈለገው ሊያልፍ በሚገባው ጊዜ ያላለፈውን ሕመም ለይቶ፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ወደሚያውቅ ሰው መላክ ነው። ከመቶ ከተላኩት አንዱ ብቻ በሽተኛ ሆኖ ቢገኝ የዘጠና ዘጠኙ መንገድ በከንቱ አልሆነም፤ እነርሱም ደኅና መሆናቸውን አውቀው ተመልሰዋልና።

በየጧቱ ስም ሲጠራ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ስም አለ። በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግና ቀጥሎ ያለው ይጠራል። ያ ልጅ የት ሄደ? ብሎ በዚያው ቀን የጠየቀ መምህርና ከወር በኋላ የጠየቀ መምህር ሁለቱም ጠይቀዋል፤ ለዚህ በሽታ ግን የሁለቱ ጥያቄ አንድ አይደለም።